ጾም ያስገድፋል የተባለው መርፌ

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ተዝካር ሰቆጣ ሄጄ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ፣ ካረፍኩበት ቤት ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ግቢ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል። ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለው እርስ በርስ ይጎነታተላሉ። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ነው አሉኝ። በአጥሩ ቀዳዳ የአልኮል ሽታ ይመጣል። አንዲት ነጠላዋን ያደገደገች እናት ከየት መጣች ሳትባል ሰልፉ ውስጥ ገብታ ልጇን በክንዷ ይዛ ጎትታ አወጣቻት። በአጠገቤ ስታልፍ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቃት፣ «መጀመሪያ ወልዳ ትሳም፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጓት» አለችኝና ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ተናጋሪ ሴት ነኝ፤ ገበያ መሀል እንኳ ነገር አላሳልፍም። የዚያን ቀን ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። አጥሩ ሥር እንደ ቆምኩ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ የሰባት ዓመት ልጅ አደረገኝ።

በሰባት ዓመቴ የሚያንገበግበኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጾመኛ አለመባሌ።

ቤታችን ከሰቆጣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በእግር ያልኩት ሌላ መሄጃ ስላልነበረ ነው። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ቤት ውስጥ የምንናገረው አገውኛ ነው፤ አማርኛ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለመንግሥት ሰው የሚወጣ የክት ልብስ ነበር። ቤተሰቡ አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴ ስንዱና እኔ ነን። ስንዱ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በእጥፍ ስለምትበልጠኝ እትየ እላታለሁ። ከጽጽቃ በኩል ለአንድ ደህና ቤት ልጅ ታጭታ፣ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ተቆርጦ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ስለ ሠርጉ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ ትዝ አይለኝም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እትየ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትውላለች። እኔም እውላለሁ ብዬ አወጅኩ። እስከ ረፋድ ድረስ እችላለሁ። ከዚያ ከማድጋው ኋላ እገባና ቆሎዬን ቆርጥሜ፣ አፌን ጠርጌ፣ ተመልሼ ጾመኛ እሆናለሁ። እናቴ ታውቃለች። ሰው ፊት «ይችማ ገና ናት» ስትለኝ አንጀቴ ያርራል።

በዚያው ሰሞን ከአበርገሌ ቆላ የወጡ ሰዎች ፈንጣጣ ገብቷል ብለው አወሩ። እኔ ፈንጣጣን የማውቀው በአባ ጎሹ ፊት ነበር። አባ ጎሹ የእናቴ አጎት ናቸው፤ አባ የሚባሉት ለሽምግልናቸው እንጂ ቄስ ሆነው አይደለም። ፊታቸው ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ተቦርቡሯል። እኔ በልጅነታቸው ኃይለኛ ዝናብ የመታቸው ይመስለኝ ነበር፤ ትቢያ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ እንደዚያ ነዋ የሚያደርገው።

ሙያቸው ከዚያው ከበሽታው የመጣ ነው። በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ላይ ቅርፊት ይወስዱና አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በማር ለውሰው፣ የጤነኛ ልጅ ክንድ በምላጭ ጫር ጫር አድርገው ይቀቡታል። ልጁ ጥቂት ታሞ ይድናል፤ ከዚያ ወዲያ በሽታው ቢመጣም አይነካውም። አንዳንዱ ደግሞ አይድንም። በሽታው ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ስለቆየ የእናቴና የአባቴ እኩዮች ሳይከተቡ ነው ያደጉት። አባ ጎሹም ንብ ጠባቂ ሆነው፣ ምላጫቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር።

በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰዎች በበቅሎ ሣጥን ጭነው ከሰቆጣ መጡ። አንደኛው መንገድ መሪ ነው። ሌላው ካኪ የለበሰ፣ ጢሙ ገና ያልጠና ጎረምሳ ነው፤ አማርኛው የሸዋ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ሣጥኑን ሲከፍት ያ ሽታ መጣ። እጁን በአልኮል ጠረገና መርፌውን አሳየን፤ ጫፉ ሁለት ጥርስ አለው። ሽማግሌዎቹ ከበው፣ ይህ መድኃኒት የምትለው ነገር ከምን ይሠራል ብለው ጠየቁት።

ልጁ እውነተኛ ነበር። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና ያ እውነተኛነቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከጥጃ ቆዳ ላይ የሚገኝ ነው፣ ተጣርቶ ደርቆ በብልቃጥ የሚመጣ ነው፣ ምንም ክፋት የለውም አላቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አመስግነውት ተነሡ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ምንጭ ወረደ። ሴቶቹ እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ፈረዱ። የጥጃ ነገር ከሆነ የፍስክ ነገር ነው፤ የፍስክ ነገር በጾም ወደ ሰውነት ገባ ማለት ጾም ተገደፈ ማለት ነው፤ በአፍ ገባ፣ በክንድ ገባ ልዩነት የለውም። ከመካከላቸው አንዷ ደግሞ ሌላ ጨመረችበት። ለመውለድ በደረሰች ልጅ ደም ውስጥ የከብት ነገር ቢገባ ነገ ምን እንደምትወልድ ማን ያውቃል አለች። ይህ ጥያቄ እንደ ተጠየቀ ቀረ፤ መልስ የፈለገለት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሕፃናቱ ጾም ስለሌለባቸው ይወጉ፣ ወንዶቹ እንደ ፈቃዳቸው፣ ልጃገረዶቹ ግን ከቤት እንዳይወጡ ተባለ። ቄሱን ሄዶ የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ከእትየ አማቶች መልእክተኛ መጣ። የእጮኛዋ እናት፣ መርፌ የነካት ሙሽራ ደጄን አትረግጥም ብላ ነበር የላከችው። ለእናቴ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አባቴ ሰቆጣ ገበያ ላይ ስለዚህ መርፌ ደግ ነገር ሰምቷል፤ አንድ ጊዜ ሊናገር ጀመር አድርጎ እናቴ ቀና ብላ ብታየው፣ የሴት ልጅን ነገር እናቷ ታውቃለች ብሎ ወደ በሬዎቹ ሄደ። አባቴ ነገር ሲከብድ የሚሄድበት በሬ አያጣም ነበር።

ወይራው ሥር ሴት ልጅ ሲያጣ ጎረምሳው ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። እኛ ቤት ሲደርስ እትየና ጓደኞቿ አበቡና ደስታ ከእህል ጎታው ኋላ ተደብቀዋል። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘዋል፤ የአበቡ አምባር አንዴ ቃ አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ጾም የማትጾም አንዲት ልጅ አለችኝ፣ እሷን ውጋልኝ አለችው።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «እጾማለሁ» ብዬ ጮህኩ። መንገድ መሪው ሳቀ። ጎረምሳው ግን አልሳቀም፤ እንግዲያስ ጾመኛዋን ቶሎ ልልቀቃት ብሎ ክንዴን ያዘና ቶሎ ቶሎ ጠቀጠቀኝ። ከእሾህ አይብስም። ሲጨርስ ጎታውን ትኩር ብሎ አየና፣ ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን፣ ያን ጊዜ ጾም የለም አላት እናቴን። የሰማ ይመስለኛል። በግድ የሰው ጓዳ የሚገባ ሰው አልነበረም።

እሱ ከሄደ በኋላ እትየ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልብሷ ላይ የጤፍ ብናኝ ተጣብቋል። ክንዴን ቀስ ብላ ነካችው።

«አመመሽ?»

«እንደ እሳት» አልኳት። «አጥንቴ ድረስ ነው የገባው።»

እንድታዝንልኝ ነው የዋሸሁት። ጾመኛ አይደለሽም መባሌ በልቶኝ፣ ቢያንስ በሕመም ልከበር ፈልጌ ነው። እትየ እጇን ከክንዴ ላይ አነሣች። ኋላ ሳስበው፣ ሌሎቹ ልጃገረዶች ተደብቀን አመለጥን ብለው ሲሳሳቁ እሷ አልሳቀችም ነበር። መርፌው ሰቆጣ ነበር፤ መንገዱ የግማሽ ቀን ቢሆንም ገበያ የምትወርድበት ቀን አለ። ያቺን ውሸት ባልዋሽ ትሄድ ነበር ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር ይሉኛል። ይሁን፤ ያው ውሸቱ የእኔ ነው።

ክንዴ አበጠ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ጠቁሮ ተቀረፈ። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ግንባሬን እዳስስ ነበር፤ ቀንድ ሊያበቅለኝ ነው ብዬ። ጥጃችን በረት ውስጥ ስታለቅስ እኔን የምትጠራ ይመስለኝና ጆሮዬን እይዛለሁ።

ደብረ ዘይት ላይ በሽታው ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ደብር ያዘ። እናቴ የዚያኑ ዕለት እኔን አስከትላ አባ ጎሹ ቤት ሄደች። እግራቸው ላይ ወድቃ ስንዱን እንዲከትቡላት ለመነቻቸው። የሰው ከሰው ስለሆነ ጾም አያስገድፍም አለቻቸው።

«በጾም ከትቤ አላውቅም» አሉ አባ ጎሹ። «ቅርፊቱ ሲይዝ ደም ይበላል። ያን ጊዜ ወተት ይጠጣል፣ ቅቤ ይቀመሳል። የጾመ ገላ አይችለውም ልጄ። ከፋሲካ በኋላ አምጫት።»

«ከፋሲካ በኋላማ ሠርጓ ነው። ቁስሏን ይዛ ልዳራት?»

አባ ጎሹ እኔን ጠሩኝና እጅጌዬን ገልጠው ጠባሳዬን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። እኔ ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

«ይህ በደንብ ይዟል» አሉ። «የእኔ እጅ እንኳ እንዲህ አጥርቶ አይሠራም። ሰዎቹ ሰቆጣ አይደሉ? ለምን አትወስጃትም?»

እናቴ እንዳልሰማች ሆነች። የእትየን አማቶች መልእክት አነሣች፣ አለቀሰች፣ እንደገና እግራቸው ላይ ወደቀች። አባ ጎሹም ሰው ናቸው። ስንት ዘመን ማንም ያልፈለገው ምላጭ እንደገና ሲፈለግ ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ በእኔ ይሁንብኝ፣ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። ተነሥተው ጨርቁን ከግድግዳው አወረዱት።

ከማሳችን ጫፍ የሰብል መጠበቂያ ጎጆ ነበረች። እትየን ከከተቧት በኋላ እዚያ ወሰዷት፤ ልማዱ ነው፣ የተከተበ ሰው እስኪሽር ከሰው ይለያል። ከአባ ጎሹ በቀር የሚገባ የለም፤ እናቴ ምግቡን ከግማሽ መንገድ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። የመጀመሪያውን ሳምንት እትየ በሩ ላይ ተቀምጣ ከሩቅ እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር። እኔ ቀናሁባት። ሙሽራ ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ሰው ያገለግላታል ብለውኝ ስለነበር ሠርጉ የተጀመረ መስሎኛል።

በስምንተኛው ቀን በሩ ላይ አልወጣችም። በማግስቱም አልወጣችም። ከዚያ ወዲያ አባ ጎሹ ብቻ እየወጡ ውኃ ይደፋሉ፤ ደግሞ ይገባሉ።

አንድ ቀን ከድንጋዩ ዘንድ ቆመው እናቴን ተጣሩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ብቻዬን ላገላብጣት አልቻልኩም፣ ውኃ የምታቀብለኝ ይችን ትንሿን ስጭኝ አሏት። ክንዷ ይዟል፣ በሽታው አይነካትም አሏት። እናቴ፣ አንዷን ወስደው ሁለተኛዋን ሊጨምሩ ነው ወይ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። አባቴ ማሳው ውስጥ ነበር፤ ቀና ብሎ አይቶ ጎንበስ አለ። በማግስቱ እናቴ ምንጭ ስትወርድ እኔ ሮጬ ጎጆዋ ገባሁ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ሽታውን አልናገረውም። መደቡ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተኝቷል፤ ፊቱ እንዳለ አንድ ቁስል ሆኗል፣ ዓይኖቹ አብጠው ተከድነዋል። እትየ ወዴት ሄደች ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ከዚያ ያ ሰው በእሷ ድምፅ «ማን ነው?» አለ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ስወጣ ያዘችኝ። አልመታችኝም፤ አልቀረበችኝም። ከሩቅ ቆማ፣ ከእንግዲህ ቤት አትግቢ፣ በረቱ ውስጥ ከፍየሎቹ ጋር እደሪ አለችኝ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚከለክለኝ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ከእትየ ጋር እውላለሁ፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አርሳለሁ፣ ዝንብ እከላከላለሁ። ፊቴ ምን ይመስላል ብላ ስትጠይቀኝ ትንሽ አብጧል እላታለሁ። ይህን ውሸት አልጸጸትበትም።

የሆሳዕና ዋዜማ እናቴ ድንጋዩ ላይ ቅል ሙሉ ወተት አስቀምጣ ሄደች። ለክንዷ የከለከለቻትን ለአፏ ይዛ መጣች። አባ ጎሹ የእትየን ራስ ቀና አድርገው ቅሉን ወደ ከንፈሯ ሲያስጠጉት ሸተታትና አፏን ገጠመች።

«ለፋሲካ ስንት ቀን ቀረ?» አለች።

«ስምንት ቀን» አሏት። «ለታመመ ሰው ተፈቅዷል ልጄ። ቅመሽ።»

«ለስምንት ቀን ብዬማ አልገድፍም።»

አባ ጎሹ ለመኗት፤ አልሰማቻቸውም። ሲደክማቸው ቅሉን ለእኔ ሰጥተው ወጡ። ወተቱን እኔ ጠጣሁት። ርቦኝ ነበር፤ ደግሞም እኔ ጾመኛ አልነበርኩም። ጠጥቼ ስጨርስ እትየ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ተናገረች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

«ያን ቀን ከጎታው ኋላ ወጥቼ ክንዴን ብዘረጋለት ኖሮ ማን ይገድለኝ ነበር?»

በሕማማት ሳምንት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ማን እንደሚሞት ስለማይታወቅ፣ ሁሉም ሰው ዘንባባውን ጣቱ ላይ አስሮ ለሌላ ሰው የሚጸለይ መስሎት ይቆማል። እናቴ የዚያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ስትመለስ በበረቱ በር አየኋት። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ምግብ የምታስቀምጥበት ድንጋይ አጠገብ ቁጭ ብላ ወደ ጎጆዋ ታያለች። በሕይወት ላለች ልጇ ፍትሐት ሰምታ መመለሷ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። የደከማት መስሎኝ ነበር።

እትየ ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። አባ ጎሹና ልጅ ሳሉ በሽታው የያዛቸው አንድ ሌላ ሽማግሌ በቁርበት ጠቅልለው ወሰዷት። አባቴ ጉድጓዱን ቆፍሮ ወደ ኋላ ራቀ። ሰው አልተሰበሰበም፣ ሙሾ አልወረደም፤ በሽታው ለቅሶ ሲሰማ ይዛመታል ይባል ነበር። እናቴ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። ለሠርጉ የተፈተለውን ድር ከግድግዳው አውርዳ አጣጠፈችው።

በፋሲካ አልታረደም። በበዓሉ በሦስተኛው ቀን የደብራችን ቄስ መጥተው በሩ ላይ ቆመው አጽናኑን። ያን ጊዜ ነው እናቴ የጠየቀቻቸው። መርፌው ጾም ያስገድፍ ነበር ወይ አለቻቸው። እሳቸውም፣ መድኃኒት መቼም ጾም አያስገድፍም፣ መጥተሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር አሏት። እናቴ «አሀ» አለች። 

ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ በረቱ ትመጣ ጀመር። ፀሐይ ላይ ታቆመኝና ቀሚሴን ገልጣ ታየኛለች። ከጆሮዬ ኋላ፣ ብብቴን፣ መዳፌን፣ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ። ፀጉሬን ለያይታ ራሴን ታያለች። እናቴ እኔን እንዲህ አይታኝ አታውቅም ነበር፤ ዓይኗ ሁልጊዜ እትየ ላይ ነበር። ደስ አለኝ። እህቴ በሞተች በሳምንቷ እኔ ጠዋት እስኪመጣ እናፍቅ ነበር። ነውር ነው፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት አባ ጎሹ መጥተው አጠገቧ ቆመው አዩኝ።

«ከእንግዲህ አይወጣባትም» አሉ። «አለፈች።»

«ስንት ቀን ከእሷ ጋር ውላ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ?»

«ይዟል አልኩሽ እኮ።»

እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። የያዘችውን የቀሚሴን ጫፍ ለቀቀችና ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ አልመጣችም። ቤት እንድገባ ተፈቀደልኝ፤ ግን ገብቼም ፊቷን ታዞርብኛለች፣ ምግቤን ሳታየኝ ታቀርባለች። ክንዴ ሲገለጥ ተነሥታ ትወጣለች። ሦስት ቀን አሰብኩበትና ደረስኩበት። እናቴ ነጥብ ስትጠብቅ ታየኝ ነበር፤ ነጥቡ ስላልወጣልኝ አዝናብኛለች።

ስለዚህ ነጥቡን ላመጣ ሄድኩ። ጎጆዋ ግን አልነበረችም፤ አቃጥለዋታል። አመዱ ውስጥ ተንበርክኬ በእጄ ፈለግኩ፤ መደቡ የነበረበትን ቦታ ገምቼ አመዱን ፊቴ ላይ፣ ክንዴ ላይ አሸሁት። አባ ጎሹ ከቀፎዎቻቸው ሲመለሱ አዩኝ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«ፈንጣጣ።»

«ለምን ልጄ?»

«እማየ እንድታየኝ።»

በዱላቸው ተደግፈው አጠገቤ ጎንበስ አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱኝና ያልኩትን ቃል በቃል ለእናቴ ነገሯት። እናቴ እንደዚያ አመድ በአመድ እንደሆንኩ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ለእትየ ያላለቀሰችውን ነው። ድምፅ እንዳይወጣ ነጠላዋን ነክሳ።

ሲወጣላት አባ ጎሹ፣ አበቡና ደስታ ገና ጤነኞች ናቸው፣ ሌሎችም አሉ፣ ሰቆጣ ይውሰዷቸው፣ ለእናቶቻቸው ንገሪያቸው አሏት።

«ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት ብዬ ልንገራቸው?»

«እንደሱ ብለሽ ንገሪያቸው።»

እናቴ አልነገረቻቸውም። አባ ጎሹም ምላጫቸውን ወንዝ ጣሉት እንጂ በሰው ደጅ ቆመው አልተናገሩም። የሰፈሩ ሰው የስንዱ ቀኗ ደርሶ ነው አለ። ትንሿ ከእሷ ጋር ሰንብታ ለምን ተረፈች ብሎ የጠየቀ ሲመጣ ደግሞ፣ ሕፃን ስለሆነች፣ ኃጢአት ስለሌለባት ነው ተባለ። ጎረምሳው ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ ያለው አልሆነለትም፤ ሌላ ቦታ በሽታው በርትቶ ወስደውታል አሉ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ።

በሐምሌ አጋማሽ የአበቡ እናት ጆንያ ተከናንባ በዝናብ መጣች። በሽታው ጎረቤቷ ቤት ገብቷል። ልጅቷን ምን እንደምታደርጋት ጨንቋት ነው የመጣችው፤ አንድ ሰው ደፍሮ እንዲነግራት የፈለገች ይመስለኛል። ወንዙ በጠዋት ይሻገሩታል፣ ሰቆጣ ብወስዳት ይሻላል ወይስ ቤት ልዝጋባት አለች። እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለቻት።

እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ባቄላ እለቅም ነበር። ብርድ ስለነበር ረጅም እጅጌ ለብሻለሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ላሳያት እችል ነበር። የእናቴን ፊት አየሁ፤ እናቴም እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ትክ ብላ። ባቄላዬን መልቀም ቀጠልኩ።

አበቡ በነሐሴ ሞተች። ደስታ ከእሷ በሁለት ሳምንት ተከተለች።